በሎክዳውን ቤት ማከራየት፦ ልቀንስ፣ ልጠብቅ ወይስ ያለውን ተከራይ ልያዝ?

ወረርሽኝ መጥቶ ከቤት አትውጡ ሲባል ቤት ሚያከራይ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው "ልቀንስ ወይስ ልጠብቅ" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው ግን ብቻውን አይመጣም፣ ያለው ተከራይ ደሞዙ ቢቆምስ፣ ቤቱን ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ነው ማሳየው፣ በቀን ሲከራይ የነበረውን ወደ ወር ላዙረው ወይ፣ ውሉን ስንት ወር ላርገው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ሚከመረው። በ2020 እና 2021 (የፈረንጆቹን ነው ምጠቅሰው፣ ከዚ በኋላም እንደዛው) ብዙ አገር ላይ ይሄ ሁሉ በተግባር ተሞክሯል፣ ምኑ እንዳዋጣ ምኑ እንዳላዋጣ አሁን ይታወቃል፣ ስለዚ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ የትኛው እንደሚሻል የመሰለኝን ልበላችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አከራይ ዋጋ መቀነስ እንደ መሸነፍ ነው ሚቆጥረው፣ ባዶ የዋለ ወር ሲሆን ግን "ያው ገበያው ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሂሳቡ ሲሰራ ብዙ ጊዜ ሚያከስረው ባዶው ወር ነው። ከሁሉም ርካሹ ደሞ ያለውን ተከራይ ባለበት ማቆየት ነው፣ ለዛ ነው ከሱ ምጀምረው።

ተከራይ አለ፣ መክፈል ግን አቃተው

እዚ ጋ አራት መንገድ አለ፦ ማስወጣት፣ ከመያዣው (ሲገባ ካስያዘው ብር) መቁረጥ፣ ክፍያውን ማዘግየት፣ ኪራዩን መቀነስ።

ማስወጣት ሰው ሲናደድ ቶሎ ትዝ ሚለው ነው፣ ግን በ2020 ብዙ አገር ላይ ወይ ተከልክሏል ወይ በጣም ተጓቷል። ጀርመን ከኤፕሪል እስከ ጁን 2020 በኮሮና ምክንያት ያልተከፈለ ኪራይ ውል ማፍረሻ እንዳይሆን አርጋ ውዝፉን ለመክፈል እስከ ጁን 2022 ጊዜ ሰጥታለች። እንግሊዝ በማርች 2020 የማስጠንቀቂያውን ጊዜ 3 ወር አረገችው፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ደሞ ለአብዛኛው ጉዳይ ወደ 6 ወር አሳደገችው። አየርላንድ ማስወጣቱንም ኪራይ መጨመሩንም አንድ ላይ ከለከለች። አሜሪካ ውስጥ ሲዲሲ ሚባለው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው እገዳ እየታደሰ ሄዶ በኦገስት 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው ያስቆመው። ኢትዮጵያም በኤፕሪል 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ አከራይ መኖሪያ ቤት የተከራየ ሰው እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ስለዚ ወረርሽኝ ሲመጣ መጀመሪያ ሚደረገው ነገር ያላችሁበት ቦታ የዛን ሰሞን የወጣውን ደንብ ማንበብ ነው፣ የድሮው ውላችሁ ላይ የተጻፈው "30 ቀን ማስጠንቀቂያ" ለጊዜው ላይሰራ ይችላል፣ ደንቦቹ ደሞ በየወሩ ሚቀያየሩ ስለሆኑ ባለፈው ያነበባችሁት ዛሬ ላይሆን ይችላል።

ተፈቅዶ እንኳን ቢሆን ሂሳቡን እዩት። ፍርድ ቤት ቀጠሮ እያራዘመ ነው፣ ሰውዬው እስኪወጣ አይከፍልም፣ ከወጣ በኋላ ቤቱ ባዶ ይቆማል፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ለደላላ ትከፍላላችሁ፣ አዲሱ ተከራይ ደሞ በሎክዳውን ዋጋ ነው ሚገባው። እና አዲሱም ስራው ነገ ይቁም አይቁም አታውቁም። በሌላ ምክንያት፣ ማለትም ቤት ሚያበላሽ ወይ ጎረቤት ሚያውክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ በፊት በሰአቱ ሲከፍል የነበረን ሰው ግን ደሞዙ ስለቆመ ብቻ ማስወጣት በገንዘብም አያዋጣም፣ ሰው ከቤት አትውጡ እየተባለ ውጣ ማለቱ ራሱ ምን ያህል ያስኬዳል።

ከመያዣ መቁረጥ ሁለቱንም ወገን ለጊዜው ደስ ያሰኛል። ችግሩ ሰውዬው ሲወጣ ነው ሚመጣው፣ በሩ ተሰብሮ ወይ መታጠቢያው ተሰንጥቆ ብታገኙት በምን ታሰሩታላችሁ። አንዳንድ አገር ደሞ መያዣው እናንተ ጋ ሚቀመጥ አይደለም፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ከ2007 ጀምሮ በተፈቀደ የመያዣ ጥበቃ ስርአት ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዝም ብሎ ሚነካ ብር አይደለም። ይሄ መንገድ ሚሆነው ሰውዬው መውጫው ደርሶ የመጨረሻው ወር ላይ ሲሆንና ቤቱን ዞራችሁ አይታችሁ ምንም ጉዳት እንደሌለ ካረጋገጣችሁ ነው።

ዋናው ክርክር ማዘግየት ወይስ መቀነስ ሚለው ላይ ነው። ማዘግየት ለአከራዩ ጥሩ ይመስላል፣ ምንም አልቀነስኩም፣ በኋላ ይከፍለኛል ነው ነገሩ። በቁጥር ስናየው ግን፣ 3 ወር ሙሉ ኪራይ ዘግይቶ በቀጣዮቹ 12 ወራት ይከፈል ከተባለ ሰውዬው በየወሩ ከኪራዩ ላይ 25 በመቶ ጨምሮ መክፈል አለበት ማለት ነው። ስራ አጥቶ ገና የተመለሰ ሰው ከድሮው ኪራይ ሩብ ጨምሮ ከየት ያመጣል? አብዛኛው አያመጣም፣ እናንተም ወረቀት ላይ ያለ እዳ ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ እሱም እዳው ሲከብደው አንድ ቀን ቁልፉን አስቀምጦ ይጠፋል። ስፔን በማርች 2020 መጨረሻ ባወጣችው ህግ ከ10 በላይ ቤት ያላቸውን ትልልቅ አከራዮች ችግር ላይ ለወደቀ ተከራይ ወይ ኪራዩን በግማሽ ቀንሱ ወይ አዘግዩለት ብላ ነበር ያስመረጠቻቸው፣ ማዘግየቱን ከመረጡ ደሞ ውዝፉ በ3 አመት ተከፋፍሎ እንዲመለስ ነው ያለችው። 3 አመት ብዙ ይመስላል ግን 3 ወር በ36 ሲካፈል 8 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው፣ እሱ ሚከፈል ነው።

እኔ ሚሻል ሚመስለኝ ድብልቁ ነው። ለምሳሌ ደሞዙ በግማሽ የቀነሰ ሰው ከሆነ ለ3 ወር ኪራዩን ሩቡን ትቀንሱለታላችሁ፣ ሩቡን ታዘገዩለታላችሁ፣ ግማሹን አሁን ይከፍላል። የዘገየው ጠቅላላ የአንድ ወር ኪራይ ሶስት አራተኛ ብቻ ነው፣ በ12 ወር ሲካፈል ጭማሪው 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። እናንተም ያጣችሁት የአንድ ወር ኪራይ አይሞላም፣ አዲስ ተከራይ ፍለጋ ብትገቡ አንድ ወር ባዶ መዋል በሎክዳውን እንደ እድለኝነት ነው ሚቆጠረው።

ብቻ ምንም ብትስማሙ በጽሁፍ ይሁን። ትልቅ ውል አያስፈልግም፣ በቴሌግራም ወይ በኢሜል እንዲህ አይነት መልእክት ብትልኩና "ተስማምቻለሁ" ብሎ ቢመልስ ከምንም ይሻላል፦ "ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከኪራዩ ግማሹን በየወሩ በ5ኛው ቀን ትከፍላለህ። ሩቡ ተቀንሷል፣ ወደፊት አይጠየቅም። ቀሪው ሩብ ዘግይቷል፣ ከ4ኛው ወር ጀምሮ በ12 ወር ተከፋፍሎ ከኪራዩ ጋር ይከፈላል። ሌላው የውሉ ክፍል እንዳለ ነው። በ3ኛው ወር መጨረሻ ላይ ተነጋግረን እናየዋለን።" እዚ ላይ ወሳኙ ነገር "ተቀንሷል" እና "ዘግይቷል" ሚለውን መለየቱ ነው፣ ከአመት በኋላ ሚነሳው ጠብ ሁሉ አንዱ ቅናሽ መስሎት ሌላው ብድር መስሎት ሚመጣ ነው።

ተከራይ ሆናችሁ ይሄን ምታነቡ ደሞ ኪራዩ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ደሞዝ እንደሚቆም እንደሰማችሁ ተናገሩ፣ ከመስሪያ ቤት የተሰጣችሁን ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉም ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። "አሁን ብር የለኝም" ከሚል ሰው ይልቅ "40 በመቶውን መክፈል እችላለሁ" ሚል ሰው ጋ መደራደር ይቀላል።

ባዶ ነው፦ ቀንሶ ማከራየት ወይስ መጠበቅ

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ባዶ ወር ከአመቱ ኪራይ 8.3 በመቶ ነው፣ ሁለት ወር 16.7፣ ሶስት ወር 25። ኪራዩ በወር 100 ነው እንበልና 15 ቀንሳችሁ ዛሬ ብታከራዩት በአመት 1020 ታገኛላችሁ፣ ሁለት ወር ጠብቃችሁ በ100 ብታከራዩት 1000። ይሄ ማለት ከሁለት ወር በላይ እንደምትጠብቁ ከገመታችሁ 15 በመቶ መቀነስ ይሻላል ማለት ነው፣ የጥበቃው ወጪ ገና ሳይቆጠር።

የጥበቃ ወጪ ስል ባዶ ቤት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲንክ ስርና ሻወር ወለል ስር ያለችው የታጠፈች ቱቦ ውስጥ ሁሌ ትንሽ ውሃ አለ፣ እሷ ናት የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ምትከለክለው፣ ሳምንታት ውሃ ሳይፈስባት ሲቀር ትደርቃለች፣ ከዛ ቤት ልታሳዩ በሩን ስትከፍቱ ሽታው ነው ሚቀበላችሁ። ቧንቧና ቦይለር ውስጥ ቆሞ የሚከርም ውሃ ደሞ ሌጂዮኔላ ሚባለውን ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል፣ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለ ሙቀት ይመቸዋል፣ በ2020 ህንጻዎች ለወራት ተዘግተው ሲከፈቱ የጤና ተቋማት ሲያስጠነቅቁበት የነበረ ነገር ነው። ሳምንት አንዴ ሄዶ ሁሉንም ቧንቧ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ሽንት ቤቱን ማውረድ፣ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፣ ሻወሩን ስታፈሱ ትነቱን አትሳቡት። ኢንሹራንስ ካላችሁ ደሞ ውሉን አውጡና እዩት፣ ብዙ ውሎች ቤቱ 30 ወይ 60 ቀን ባዶ ከሆነ ሽፋኑን ይቀንሳሉ ወይ ያቋርጣሉ። ቧንቧ ፈንድቶ የታችኛው ፎቅ ውሃ ሲገባበት ነው ይሄ ሚታወቀው።

መጠበቅ ሚያዋጣባቸው ጊዜዎችም አሉ፣ አሉ። ቤቱ እድሳት ሚፈልግ ከነበረ ባዶ ሲሆን መስራት ነው፣ የግንባታ ስራ ከተፈቀደ ማለት ነው። ሌላው ያላችሁበት አገር የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ካለው ዝቅ ብሎ የገባ ዋጋ ለአመታት ሊከተላችሁ ይችላል፣ በዛ ጊዜ ግን መጠበቅ ብቸኛው መፍትሄ አይደለም፣ ቅናሹን በሌላ መልክ መስጠት ይቻላል፣ ወደሱ ልምጣ።

ቅናሽ ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ወርሃዊ ኪራዩን ማውረድ፣ ሁለተኛው ውሉ ላይ ኪራዩን እንዳለ ትቶ አንድ ወይ ሁለት ወር ነጻ መስጠት። ኒው ዮርክ ላይ በ2020 አከራዮች ብዙ የተጠቀሙት ሁለተኛውን ነው። አንድ ነጻ ወር በ12 ወር ውል ላይ 8.3 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው፣ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ አይነካም፣ ውል ሲታደስ መነሻው የድሮው ቁጥር ነው። ለአከራይ ይሄኛው ይሻላል። ለተከራይ ግን ሁሌም አይሻልም፣ በነጻው ወር ተንፈስ ይላል ከዛ ቀሪውን 11 ወር ማይችለውን ሲከፍል ይቆያል፣ ስለዚ ገቢው የቀነሰ ሰው ጋ ወርሃዊውን ማውረድ ነው ሚያቆየው፣ ገቢው ያልተነካ ግን ዋጋ ሚያማርጥ ሰው ጋ ነጻ ወር ይሰራል። ነጻውን ወር ደሞ መጀመሪያ ላይ አትስጡ፣ በ6ኛው ወይ በ12ኛው ወር ላይ አርጉት፣ ነጻውን ኖሮ በሁለተኛው ወር ሚሄድ ሰው አለ። ተከራዮች እናንተ ደሞ ስትፈርሙ "ሲታደስ ከየትኛው ዋጋ ነው ሚነሳው" ብላችሁ ጠይቁ፣ ኒው ዮርክ በኮቪድ ዋጋ የገቡ ሰዎች በ2022 ኪራዩ ሪከርድ ሲሰብር የእድሳት ወረቀቱ ሲመጣ ደንግጠዋል።

አንድ ሚረሳ ነገር፣ ወረርሽኝ ሁሉንም ቤት እኩል አይመታም። በ2020 የብዙ ትልልቅ ከተሞች መሃል ያሉ ጠባብ አፓርታማዎች ናቸው የወደቁት፣ ቢሮ ተዘጋ፣ ተማሪ አገሩ ገባ፣ ቱሪስት ጠፋ። በተቃራኒው ከመሃል ወጣ ያለ፣ ለስራ ሚሆን ተጨማሪ ክፍል ወይ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ተፈላጊ ሆነ። ስለዚ ቤታችሁ ሁለተኛው አይነት ከሆነ ጎረቤት ቀነሰ ብላችሁ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው አይነት ከሆነ ግን "በቅርቡ ይመለሳል" እያሉ መጠበቅ ውድ ነው። እዚው ላይ ደሞ ጥሩ ኢንተርኔት ማስገባት 5 በመቶ ከመቀነስ የበለጠ ሰው ሊያመጣ ይችላል፣ ጠረጴዛና ወንበርም እንደዛው።

ቤቱን ማሳየት

የተቀዳ ቪዲዮ፣ ላይቭ ቪዲዮ ኮል፣ 360 ካሜራ፣ በአካል። ብዙ ሰው አንዱን መርጦ ይጨርሳል፣ እኔ ግን እንደ ወንፊት ተራ በተራ ብትጠቀሙባቸው ነው ምለው። እንግሊዝ በሜይ 13፣ 2020 የቤት ገበያውን መልሳ ስትከፍት የሰጠችው መመሪያ ራሱ መጀመሪያ በቪዲዮ ይታይ፣ በአካል ሚመጣው የምር ሊገባ ሚፈልግ ሰው ይሁን ሚል ነበር።

የተቀዳ ቪዲዮ ርካሽ ነው፣ አንዴ ቀርጾ ለሁሉም መላክ ነው። ጥሩ ቪዲዮ ማለት ግን ሙዚቃ የተጨመረበት ሳይሆን ሳይቆረጥ ከውጭ በር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍል አንድ ላይ የተቀዳ ነው፣ ሰው ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገናኙ ሚገባው በዛ ነው። ስልኩን አግድም ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ቀን ላይ መብራት አጥፍታችሁ ቅረጹ፣ የተፈጥሮ ብርሃኑ ይታያል። ጉድለትም አሳዩ፣ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ካለ እሱንም፣ ምክንያቱም ደብቃችሁት በአካል ሲመጣ ካየው ያባከናችሁት የሁለታችሁንም ሰአት ብቻ አይደለም፣ በሎክዳውን ሰው ቤት ማስገባት ራሱ ዋጋ አለው።

360 ካሜራ ብዙ ቤት ላለው ወይ ለኤጀንት እንጂ ለአንድ ቤት አላስፈላጊ ወጪ ነው ባይ ነኝ።

ላይቭ ቪዲዮ ኮል ላይ ነው ሰው ሚወስነው። ቪዲዮ ማያሳያቸው ነገሮች አሉ፣ ሽታ፣ ድምጽ፣ የውሃ ግፊት፣ ኔትወርክ። ሽታን ምንም ማረግ አይቻልም፣ ሌሎቹን ግን ይቻላል። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱን ዘግታችሁ ለትንሽ ጊዜ ዝም በሉ፣ የመንገዱ ድምጽ ይሰማል። ሻወሩን ክፈቱትና እየሄደ ሳለ የኩሽናውን ቧንቧ ክፈቱ፣ ግፊቱ ሚወርድ ከሆነ ይታያል። ኮሉ ራሱ መሃል ላይ እየተቆራረጠ ከሆነ ደሞ ኔትወርኩ ምን እንደሚመስል ሰውዬው ገባው ማለት ነው ሃሃ።

በአካል ሚመጣ ሰው ሲኖር፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሁሉም የበር እጀታ ሲያጸዳ ነበር ሚውለው፣ ቫይረሱ ፕላስቲክና ስቲል ላይ እስከ 72 ሰአት እንደሚቆይ የላብራቶሪ ውጤት ስለወጣ። በኋላ ግን ዋናው መተላለፊያ አየር እንደሆነ ግልጽ ሆነ፣ ሲዲሲ በኤፕሪል 2021 ከተነካ እቃ የመያዝ እድሉ በአጠቃላይ ከ10 ሺህ አንድ በታች ነው ብሎ አወጣ። ስለዚ እንደዚ በአየር ሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ሳኒታይዘር ከመርጨት በፊት መስኮቶቹን ሁሉ ሰው ከመምጣቱ ቀደም ብሎ መክፈት፣ የውስጥ በሮችን ከፍቶ መተው፣ ማስክ፣ እና እናንተ ደጅ ቆማችሁ ሰውዬው ብቻውን ዞሮ እንዲያይ ማረግ ነው ሚጠቅመው። ሁለት ፈላጊ በአንድ ሰአት አትቅጠሩ፣ መሃል ላይ ክፍተት ይኑር።

ቤቱ ውስጥ አሁንም ተከራይ ካለ ደሞ ቪዲዮውን እንዲቀርጽላችሁ እሱን ጠይቁት፣ ለዛ ከኪራዩ ላይ ትንሽ ብትቀንሱለት በደስታ ያረገዋል። የታመመ ወይ ራሱን የለየ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ማሳየት ሚባል ነገር የለም፣ ትጠብቃላችሁ።

ስለ አጭበርባሪዎች አንድ ነገር። ሎክዳውን ለነሱ ተመችቷቸው ነበር፣ "ሌላ አገር ተዘግቶብኝ ነው፣ ማሳየት አልችልም፣ መያዣውን ላክ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ" ሚል ታሪክ እውነት ሊመስል ሚችልበት ጊዜ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ላይቭ ኮል ጠይቁና ሰውዬው ማይጠብቀውን ነገር እንዲያረግ አርጉ፣ የሆነ ቁምሳጥን ክፈት፣ ወደ መስኮቱ ሄደህ መንገዱን አሳየኝ በሉት። የተሰረቀ ቪዲዮ ይዞ ሚያጭበረብር ሰው እዛ ላይ ኔትወርክ ይጠፋበታል። አከራይ ደሞ ፎቶዎቹ ላይ ስሙን ወይ ስልኩን ቢጽፍባቸው ሌላ ሰው ወስዶ እንዳይለጥፋቸው ያስቸግራል። እና "ቤቱን ማየት አልፈልግም፣ የአመቱን ሙሉ በካሽ ልክፈል" ሚል ተከራይ ሲመጣ በሎክዳውን ብር ስለቸገራችሁ ብቻ አትሩጡ፣ ቤቱን ለምን እንደፈለገው አጣሩ።

በቀን ሲከራይ የነበረ ቤት

ኤርቢኤንቢ (ቤት በቀን ሚከራይበት ዌብሳይት) ላይ የነበሩ አከራዮች ናቸው በ2020 መጀመሪያ የተመቱት። ካምፓኒው በማርች 14 ወይም ከዛ በፊት የተያዙትን ብዙ ቡኪንጎች እንግዶች ሙሉ ብራቸውን ወስደው እንዲሰርዙ ፈቀደ፣ አከራዮች ሲጮሁ ደሞ 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በራሳቸው የስረዛ ደንብ ያገኙት ከነበረው 25 በመቶውን ብቻ እንደሚከፍል ተናገረ። በሜይ ደሞ ከሰራተኛው ሩብ ገደማውን፣ 1900 ሰው ቀነሰ። ይሄን ምጠቅሰው ፕላትፎርሙ ራሱ በማያውቀው ሁኔታ ውስጥ "ሁለት ሳምንት ልጠብቅ" ማለት ምን ያህል ዋስትና የሌለው እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ሶስት ምርጫ አለ፣ በቀን መጠበቅ፣ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው መካከለኛ ጊዜ ማከራየት፣ ወይ ለአመት መስጠት። በቀን መጠበቁን ተዉት፣ የቤት ብድር ካለባችሁማ በጭራሽ። መካከለኛው እቃ ለተሟላለት ቤት በጣም ይስማማል፣ ፈላጊም አለ፦ ቤተሰቡን እንዳያስይዝ ለብቻው መሆን ሚፈልግ የጤና ባለሙያ፣ በረራ ተሰርዞበት የቀረ ሰው፣ ከቤት ሆኖ እየሰራ ጸጥታ ሚፈልግ ሰው። ዋጋው በቀን ስታስቡት ይወርዳል ግን ጽዳቱ፣ አንሶላ ማጠቡ፣ የፕላትፎርም ኮሚሽኑ ሁሉ ይቀራል፣ ስለዚ ከድሮው ገቢ ጋር ስታወዳድሩ እጃችሁ ላይ ሚቀረውን አወዳድሩ።

አደጋው ህጉ ላይ ነው። በብዙ ቦታ እንግዳ የነበረ ሰው የተወሰነ ቀን ካለፈው የተከራይ መብት ያገኛል፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 30 ቀን ካለፈው በእንግድነት አይታይም። ማስወጣት በታገደበት ሰሞን ደሞ ይሄ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ለወር ብሎ የገባ ሰው ለ8 ወር ቢቀር ማትችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው አታስገቡ፣ ወይ ገና ሲገባ እንደ ተከራይ አጣርታችሁ በትክክለኛ ውል አስገቡ። ብድር የሰጣችሁ ባንክና ኢንሹራንሱም የአጠቃቀም ለውጡን ማወቅ አለባቸው። የአመቱ ውል ሚሻለው እናንተ ራሳችሁ ቱሪስት በቶሎ ይመለሳል ብላችሁ ማታምኑ ከሆነ ነው።

ተከራይ ስትመርጡ፣ ስትፈራረሙ

በሰላም ጊዜ ደሞዙ ከፍ ያለውን ነው ሚመረጠው። በወረርሽኝ ጊዜ የደሞዙን መጠን ሳይሆን ሊቆም ይችላል ወይ ሚለውን አስቀድሙ። ሆቴል ወይ አየር መንገድ ውስጥ ትልቅ ደሞዝ ያለው ሰው እና ሆስፒታል ወይ መድሃኒት ፋብሪካ ውስጥ መካከለኛ ደሞዝ ያለው ሰው ቢመጡ እኔ ሁለተኛውን ነው ምመርጠው። የባንክ ስቴትመንት ስትጠይቁ ሎክዳውኑ ከተጀመረ በኋላ ያለውን ወር ጨምሮ ይሁን፣ ከዛ በፊት ያለው ብቻ ምንም አይነግራችሁም። አንዳንድ አከራይ ግን የጤና ባለሙያ በሽታ ያመጣብኛል ብሎ ማከራየት ከልክሏል፣ ሚያሳፍር ብቻ ሳይሆን በጣም ጥሩውን ተከራይ ማባረር ነው።

የውሉ ርዝመት ላይ ብዙ አልልም። 12 ወር ሆኖ ከ6ኛው ወር በኋላ በ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሁለቱም መውጣት ሚችሉበት አንቀጽ ያለው ውል ለአብዛኛው ይሆናል፣ ዋጋው ወርዶ ለፈረመ አከራይም መተንፈሻ ነው። የ3 ወር ውል ለመካከለኛው አይነት ብቻ። ውሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ይጨመር፣ መግቢያው ቀን ላይ ሎክዳውን ቢታወጅ ወይ አንዱ ወገን ቢታመም ቀኑ ያለ ቅጣት ይገፋል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ኪራይ አይቆጠርም ወይ በግማሽ ይቆጠራል ሚል፣ የቱም ይሁን ብቻ ይጻፍ።

ኤጀንት ወይስ ራስ? ቤቱ አጠገባችሁ ከሆነ ራሳችሁ፣ በተለይ ቪዲዮ መቅረጽ ምትችሉ ከሆነ። ሌላ ከተማ ወይ ሌላ አገር ከሆናችሁና መንገድ ከተዘጋ ግን ያለ ሰው አይሆንም፣ በዛ ጊዜ ኤጀንቱን ኮሚሽንህ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ባዶ ቤት በየሳምንቱ ሄደህ ውሃ ታፈሳለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ቁልፍ ርክክብ ላይ፣ በአካል ሳይገናኙ ኮድ ያለው የቁልፍ ሳጥን በር ላይ ማንጠልጠል ቀላሉ ነው፣ ኮዱን ክፍያው ከገባ በኋላ ነው ምትልኩት፣ ሰውዬው ከገባ ኮዱን ቀይሩ። ፊርማው በዲጂታል ከሆነ ያላችሁበት አገር ለኪራይ ውል ይቀበለዋል ወይ ሚለውን እዩ፣ ካልተቀበለ ወረቀቱን ሁለቱም ፈርመው በመልእክተኛ ይለዋወጣሉ። እቃውና የግድግዳው ሁኔታ ደሞ በጋራ ሚታይበት እድል ስለሌለ ተከራዩ በገባ በ24 ሰአት ውስጥ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ጨምሮ እየዞረ ቪዲዮ ቀርጾ ይላክ፣ እናንተም ከመግባቱ በፊት የቀረጻችሁትን ላኩለት፣ ሁለቱም ፋይል ሁለታችሁም ጋ ይቀመጥ።